ደጃፍ ላይ የተቀመጠው እሳት

ኮልፌ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለፀዳለ፣

ባለሽበት የሰው አገር ፈጣሪ ጥላ ከለላ ይሁንሽ። እኔና እትዬሽ ካሳነሽ እንደ ሰው ደህና ነን። አብዮታዊ ሰላምታም ጨምሬልሻለሁ፤ ደብዳቤውን ከአንቺ ቀድሞ የሚያነበው ሰው ካለ ቅር እንዳይለው።

ከሄድሽ ወዲህ ያቺ በልጅነትሽ ከእግሬ ሥር ተቀምጠሽ የቆዳ ቁራጭ ስትሰፊ የዋልሽባት ሱቄ ተዘግታለች። የኮልፌ ጫማ ሠሪዎች በኅብረት ሥራ ማህበር ተደራጅተን አንድ አዳራሽ ገብተናል። አዳራሹ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ወለሉ ወደ በሩ ትንሽ ያዘቀዝቃል፤ የክር ጥቅልል ከእጄ ካመለጠኝ ሄጄ የማነሳው ከደፉ ሥር ነው። ከጎኔ የሚሠራው ወዬሳ ነው፣ ያ የአስኮው፣ ሲስቅ ጎረቤት የሚቀሰቅሰው።

ሥራውም ተለውጧል። ድሮ ሶል የምንይዘው በክርና በሚስማር ነበር። አሁን ሚስማር ለተረከዝ ብቻ ቀርቶ ሌላው ሁሉ በማስቲሽ ሆኗል። ማስቲሹ ወፍራም ስለሆነ ማቅጠኛው በበርሜል ከውጭ ይመጣልናል። ሲያዩት ውሃ ነው፤ ሽታው ግን ቤንዚን ውስጥ ጣፋጭ ነገር የጨመሩበት ይመስላል። በሳፋ እየቀዳን ማስቲሹን እናቀጥንበታለን፤ ማታም እጃችንን እንታጠብበታለን። እጅ እንዲህ ሲጠራ አይቼ አላውቅም። በርሜሉ ላይ ማናችንም የማናነበው ጽሑፍና የእሳት ነበልባል ሥዕል አለበት። ወዬሳ ምን እንደሆነ ቢጠይቅ፣ ሊቀመንበራችን ጓድ አምሐ የወዳጅ አገሮች የአብዮት ችቦ ነው ብሎ አስረዳን። የባዶውን በርሜል ክዳን አስቆርጦ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል።

አዳራሹ ከላይ መስኮቶች ነበሩት። ላብ ላይ ንፋስ እንዳይመታን በካርቶን ደፈንናቸው። ንፋስ ማስቲሹንም ያለጊዜው ያደርቀዋል። ከሰዓት በኋላ ራስ ስለሚያዞር ማህበሩ በየሳምንቱ ወተት ያጠጣናል፤ ወተት መርዝ ያረክሳል እያሉ። ሥራው ጥድፊያ ነው። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ሰልፈኛው የሚጫማው ጫማ ከእኛም ይጠበቃል።

እንግዲህ አንድ ነገር ልለምንሽ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው፣ ጫማ ሠሪውን እግሩን በረደው። የሱፍ ካልሲ ከተገኘ ላኪልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

አጎትሽ አሰፋ

*

ከላይፕዚግ አጠገብ፣ ኅዳር 25 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለጋሼ አሰፋ፣

ሰላምታዬ እጅ ነስቶ ይቅረብልዎ። የእትዬ ካሳነሽን ጉልበት ስሜያለሁ። እኔ ከብርዱና ከድንቹ በቀር የሚያማርረኝ ነገር የለም።

ካልሲውን በጥቅል ልኬያለሁ። የማድርበት ቤት ባለቤት በእጃቸው የሠሩት ነው፤ ወፍራም ስለሆነ ጫማዎን አንድ ቁጥር ከፍ ማድረግ ይኖርብዎታል። ጫማ ሠሪ ስለሆኑ አይቸግርዎትም ብዬ ነው።

በምማርበት የጫማ ፋብሪካ እስካሁን ያለሁት ቆዳ መቁረጫ ክፍል ነው። ከገና በኋላ ወደ ማስቲሽ ክፍል እንዛወራለን። ሳልፍ እንዳየሁት እዚያ ክረምትም ሆነ በጋ ከወለሉ አጠገብ ትላልቅ የአየር መሳቢያዎች ያጓራሉ፤ መስኮቱም ክፍት ነው። እኔ የኮልፌ ልጅ ንፋስ ይመታኛል ብዬ ሻርፔን እስከ ጆሮዬ ስጠቀልል ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ንፋስ ሰው ሲመታ አይተው አያውቁም አሉ።

ጋሼ፣ ጽሕፈትዎ ምን ሆነ? ቄስ ትምህርት ቤት ያስተማሩዎት ፊደል ቀጥ ብሎ የሚቆም ነበር። በዚህ ደብዳቤ ግን ሁሉም ወደ አንድ ጎን ተንጋደዋል፤ አንዳንድ ቦታም ብዕሩ ወረቀቱን ቀዶታል። ዓይንዎን አሞዎት እንደሆነ ይንገሩኝና መነጽር ላፈላልግ።

ልጅዎ ፀዳለ

*

ኮልፌ፣ ጥር 15 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፀዳለ፣

ጥምቀትን በሰላም ያስፈጸመን አምላክ አንቺንም ባለሽበት ይጠብቅሽ። ካልሲው ደርሷል። ያማረ ነው። ይሙቅ አይሙቅ ግን ልነግርሽ አልቻልኩም፤ ለብሼዋለሁ፣ እግሬ ግን የለበሰ አይመስለውም።

ዓይኔ ደህና ነው። አንድ ነገር ልንገርሽና ሳቂ። ጫማ ካለቀ በኋላ እጄን ከትቼ ውስጡን በጣቴ መዳሰስ ልማዴ እንደሆነ ታውቂያለሽ። የሚስማር ጫፍ ካለ ጣቴ ያገኘዋል፤ ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ አምልጦኝ አያውቅም። ባለፈው ሳምንት የሴቶች ማህበሯ ዋጋነሽ አንድ ጫማ በእጇ፣ አንድ በእግሯ አድርጋ እያነከሰች መጣች። ካልሲዋ ደም ነው። እጄን ከትቼ ሰው ሁሉ እያየ ዳሰስኩና፣ «ምንም የለውም እኮ» አልኳት።

ወዬሳ ጫማውን ተቀብሎኝ እጁን ሰደደ። «ወይኔ ጣቴ!» ብሎ መንጭቆ አወጣው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በኋላ እጄን ባየው የእኔም ጣት ተወግቶ ደም ወርዷል። አልታወቀኝም ነበር።

ካሳነሽ ብርድ ነው ብላ ትንሿን የከሰል ማንደጃ ሰጥታኛለች። ከወንበሬ ሥር አድርጌ እሠራለሁ። እሷን ደስ ይበላት ብዬ ነው እንጂ ሙቀቱም አይሰማኝ።

አሁን የምጠይቅሽ ስለ ራሴ አይደለም። አንድ ወዳጅ አለኝ። መጀመሪያ የእግሩ ጣቶች፣ ቀጥሎ የእጁ ጣቶች ደነዘዙበት። አሁን ቁልፍ መቆለፍ ተስኖታል፤ ሲራመድም እግሩ እንደ ሌላ ሰው እግር ይጎተታል። ኮልፌ ውስጥ ጣቱ የደነዘዘ ሰው ዓይኑ ወዴት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ፤ ወደ ዘነበወርቅ ነው። ሥጋ ደዌ ነው ብሎ ፈርቷል። ሄደህ ታይ አልለው ነገር፣ በዚያ ሆስፒታል በር ሲገባ የታየ ሰው ሳይመረመር ተፈርዶበታል። ነገ አጠገቡ የሚቀመጥ ሠራተኛ አያገኝም፤ የዕድርተኛውም ሰላምታ ከሩቅ ይሆናል።

ይህ ወዳጄ ከሚስቱ ጋር ከአንድ ትሪ መብላት ትቷል። ጥርሴን አሞኛል፣ ብቻዬን ቀስ ብዬ ልብላ ይላታል። ጥርሱ ደህና ነው። ወገቤን ብሎም አልጋውን ለቆላት መደብ ላይ ይተኛል። ወገቡም ደህና ነው። አያለቅስም፣ አይቆጣም። ጠዋት ይነሳል፣ ይሠራል፣ ይገባል። እንዲሁ ነው ያለው።

ጀርመኖች ለዚህ መድኃኒት ያላቸው እንደሆነ በዘዴ ጠይቂልኝ። መልሱን በማህበሩ ሣጥን ቁጥር አትላኪው፤ ልብስ ሰፊው ሀያቱ በራሱ ሣጥን ይቀበልልኛል።

አጎትሽ አሰፋ

*

ከላይፕዚግ አጠገብ፣ የካቲት 8 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ አሰፋ፣

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አቆይቼልዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ዕለት ማስቲሽ ክፍል ከገባሁ ገና ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር። ወዲያው አስተማሪያችን ዘንድ ሄድኩ። አሮጊት ናቸው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጫማ ሲሠሩ የኖሩ። እርስዎ የጻፉትን ሁሉ ተርጉሜ ስነግራቸው ጥያቄ እንኳ አላበዙም። ጫማቸውን አውልቀው የእግራቸውን ጣቶች አሳዩኝ። በጦርነቱ ጊዜ መስኮቱ በተደፈነ ቤት ማስቲሽ ሲቀቡ የእሳቸውም እጅና እግር ደንዝዞ ነበር።

ለወዳጅዎ ይንገሩት፤ ሥጋ ደዌ አይደለም። ለነገሩ ሥጋ ደዌም ቢሆን ዛሬ መድኃኒት አለው። የወዳጅዎን ጣት ያደነዘዘው ግን ያ ውሃ የመሰለው ማቅጠኛ ነው። ውስጡ ሄክሳን የሚባል ነገር አለ። በትንፋሽ ይገባል፣ በቆዳም ይገባል፤ ከሩቁ ጫፍ፣ ከእግር ጣት ጀምሮ ጅማቱን እያደነዘዘ ይመጣል። እጅ መታጠቢያ ማድረግማ ጭራሽ አይሆንም፤ እጅ አልጠራም፣ ቆዳው ነው የተገፈፈው። ወተቱን ለጣዕሙ ይጠጡት፣ መርዙን ግን አያረክሰውም። አስተማሪያችን እንደሚሉት ከማቅጠኛው የራቀ ሰው ይድናል። መጀመሪያ ትንሽ ይብስበታል፤ በወራት ይመለሳል። የእሳቸው ተመልሷል። ደግሞ አይጥፋብዎ፣ ሲመለስ ያማል ብለውኛል።

አሁን ከሁሉ የሚያስፈራኝን ልንገርዎ። ከወንበርዎ ሥር እሳት አለ። በርሜሉ ላይ ያለው ነበልባል የማንም ችቦ አይደለም፤ ይነዳል ማለት ነው። ይህ ነገር እንደ ኬሮሲን እስኪሞቅ አይጠብቅም። ውሃ በረዶ በሚሆንበት ብርድ እንኳ ይተናል፤ የሚነደውም ፈሳሹ ሳይሆን ትነቱ ነው። ትነቱ አይታይም። ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ ፈሰሰ ውሃ ወለል ለወለል ሄዶ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል። እሳት ካገኘ በሄደበት መንገድ ተመልሶ እናቱ ዘንድ፣ በርሜሉ ዘንድ ይመጣል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና ዛሬውኑ ማንደጃውን ያውጡት። ሲጋራም አዳራሹ ውስጥ አይለኮስ። መስኮቶቹን ክፈቱ፤ ትነቱ ታች ስለሆነ በሩንም ክፈቱ። ንፋሱ አይገድልም ጋሼ፣ ንፋሱ ነው የሚያድነው። በርሜሉና ሳፋው ሁልጊዜ ይከደኑ፤ ለቀኑ የሚበቃውን ብቻ ቅዱ። ሳፋው የብረት ይሁን። ስትቀዱም በርሜሉንና ሳፋውን በሽቦ አገናኙ፣ በርሜሉንም በሌላ ሽቦ ከመሬት ጋር፤ ፈሳሹ ሲወርድ ብቻ ብልጭታ ሊወልድ ይችላል። የተነከረ ጨርቅ ጥግ ላይ አይጣል፤ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ይሁን። ቢነድ ውሃ እንዳትደፉበት፤ ውሃው ላይ ተንሳፎ ይነዳል፣ ውሃውም ተሸክሞት ይሄዳል። ደረቅ አሸዋ አስመጡና ከደጅ ይከመር። የጎማ ጓንት ልኬያለሁ፣ ለወዬሳም አለው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያሉ ያሳደጉኝ እርስዎ ነበሩ። እስካሁን ስለ ወዳጅዎ ጻፍኩ። አሁን ለእርስዎ ልጻፍ። ጋሼ፣ እባክዎ ከእትዬ ካሳነሽ ጋር ከአንድ ትሪ ይብሉ። ይህን ስጽፍ እያለቀስኩ ነው፤ ለምን ልደብቅዎ።

ልጅዎ ፀዳለ

*

ከላይፕዚግ አጠገብ፣ መጋቢት 29 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ አሰፋ፣

ጤና ይስጥልኝ። የካቲት ላይ የላክሁት ደረሰዎት? አስተማሪያችን ጠዋት ጠዋት በዓይናቸው ይጠይቁኛል፤ እኔም መልስ የለም ስል ራሴን እነቀንቃለሁ። ሌላ ነገር አይጻፉልኝ። «ማንደጃው ወጥቷል» የሚል አንድ መስመር ይበቃኛል።

ፀዳለ

*

ኮልፌ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፀዳለ፣

ሞትን ድል ያደረገው ጌታ ያሳድግሽ። እንኳን ለትንሣኤ በሰላም አደረሰሽ። የካቲት ላይ የጻፍሽው የደረሰኝ በሆሳዕና ሳምንት ነው፤ የት የት ሲዞር እንደከረመ እንጃ። ፖስታው ተከፍቶ እንደገና ተለጥፏል። የለጠፉበት ማስቲሽ ከእኛ አይሻልም።

ማንደጃው ወጥቷል።

ስለ ወዳጄ ያልሽውንም ነገርኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር፤ ደስታውም ጣቱ ድረስ አልደረሰ እንደሆነ እንጃ። ለፋሲካ ግን ከሚስቱ ጋር ከአንድ ትሪ ገደፈ። ጥርስህ ዳነ ወይ ብትለው፣ ድኗል አላት። እሷም ሌላ አልጠየቀችውም።

ደብዳቤሽን አዳራሹ ውስጥ ቆሜ አነበብኩላቸው፤ ስለ ወዳጄ የሚለውን ዘልዬ። ጓድ አምሐ መጀመሪያ ፊቱን አጠቆረ። ችቦው ከግድግዳ መውረዱ ከበደው። ኋላ ግን ራሱ ሮጦ አሸዋ አስጫነልን፣ ከደጅ ተከምሯል። ሽቦውንም ወዬሳ አስሮታል። ሳፋው ተከድኗል። እጃችንን በሳሙና እንታጠባለን።

መስኮቱ ነው ያጨቃጨቀን። ሽማግሌዎቹ በላባችን ላይ ንፋስ አስመትታችሁ ልትገድሉን ነው ወይ አሉ። አንዱማ ካርቶኑ ከተነሳ እኔም እነሳለሁ ብሎ ወስፌውን ሰበሰበ። በመጨረሻ ለምሳ ስንወጣ እንዲከፈት፣ ስንገባ እንዲዘጋ ተስማማን። ለሁለቱም ወገን የሚሆን ነው።

ማንደጃውን ሙሉ በሙሉ መተው አልቻልንም። የተረከዙን ጠርዝ በሰም የምናለሰልስበት ብረት መሞቅ አለበት። ስለዚህ እንዳልሽው አወጣነው፤ ከበሩ ደፍ ውጭ አስቀመጥነው። ወዬሳ ብረቱን አግሎ በሁለት እርምጃ ተመልሶ ይቀመጣል። እኔም ከማቅጠኛው እንድርቅ ብለሽ አልነበር፤ ከበርሜሉ ወዲያ ወደ በሩ ጠጋ ብያለሁ። ሥራውን ግን ሰልፉ እስኪያልፍ መተው አይቻልም።

አሁን ልብሽ ይረፍ። ካልሲም መድኃኒትም አልጠይቅሽም። ፎቶግራፍ ላኪልን፣ ካሳነሽ ከስተሽ እንደሆነ ማየት ትፈልጋለች።

አጎትሽ አሰፋ

*

ከላይፕዚግ አጠገብ፣ ግንቦት 11 ቀን 1976 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ማንደጃው ደጃፍ ላይ መሆን የለበትም። ወለሉ ወደ በሩ ያዘቀዝቃል ብለውኝ ነበር፤ ያን ማስታወስ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ትነቱ የሚፈሰው ወደ ደፉ ነው። ማንደጃው ያለበት ቦታ ላይ ነው የሚተኛው። ብረቱን ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከፍ ካለው ወገን ርቃችሁ አግሉት። ይህ ደብዳቤ በደረሰዎት ደቂቃ ተነስተው ያንሱት። ቴሌግራም እንዳልልክ ፖስታ ቤቱ እሳትና በርሜል የሚል ቃል አልቀበልም አለኝ፤ በሌላ ቃል ሸፍኜ ብልክ እንዳይገባዎት ብዬ ደብዳቤውን መረጥኩ። አሁን ቁጭ ብዬ እየቆጨኝ ነው።

ፀዳለ

*

ኮልፌ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለፀዳለ፣

እንደምን አለሽ። እኔ ካሳነሽ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነውና የተሳሳተውን አቃንተሽ አንብቢው። ሐምሌና ነሐሴ የጻፍሻቸው ደርሰውናል። ያልመለስነው እሱ መጻፍ ስላልቻለ ነው፣ እኔም ምን ብዬ እንደምጀምር ስላላወቅሁ ነው። በሕይወት አለ። ቀድሜ ይህን ልበልሽ።

ደጃፍ ላይ አይሁን ያልሽው ወረቀት የመጣው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። በግንቦት መጨረሻ ምሳ ይዤለት ሄድኩ። መስኮቱ ገና አልተከፈተም፤ ለምሳ አልወጡም ነበር። ወዬሳ ከበርሜሉ ወደ ሳፋው እየቀዳ ነው። እኔ ከበሩ ትንሽ ራቅ ብዬ ነበርኩ። ከማንደጃው ሰማያዊ ነገር ተነሳ። ጭስ የለው፣ ድምፅ የለው። በደፉ አልፎ ወለል ለወለል እንደ አይጥ ሮጦ ገባ። ወዲያው ሳፋው ነደደ። ሳፋው ከበርሜሉ እግር ሥር ነው።

ሰው ሁሉ በበሩ ተገፋፍቶ ወጣ። አጎትሽ ግን ወደ ውስጥ ሄደ። ሳፋውን በሁለት እጁ አነሳው። ሌላ ሰው ቢሆን በያዘው ቅጽበት ይጥለው ነበር። ቢጥለው ደግሞ እዚያው ይፈስና በርሜሉ ይያዝ ነበር። እሱ አልጣለውም። ስላልተሰማው አልጣለውም። ይዞት በአጠገቤ አለፈ። እሳቱ እጁ ላይ ነው፣ ፊቱ ግን የገላ ውሃ ሊደፋ እንደሚወጣ ሰው ነው። አሸዋው ላይ አስቀመጠው። ወዬሳ አሸዋ አለበሰው፣ ጠፋ። ከዚያ እጁን አየና፣ «ካሳነሽ፣ ይሄ የኔ ነው?» አለኝ።

ማንም አልሞተም። የሽማግሌዎቹ ጢም ነው የተለበለበው። ቀበሌ ጠርቶ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው ወይ ብሎ ጠየቀን። የካቲት የጻፍሽውን ይዤ ሄጄ ኮሚቴው ፊት ቆሜ አነበብኩላቸው። ሰው ፊት ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሄክሳን ላይ ሦስት ጊዜ ተንተባተብኩ። አሰናበቱን። አሁን መስኮቱም በሩም ክፍት ነው፤ ሽማግሌዎቹ ጋቢ ተከናንበው ይሠራሉ። ጓድ አምሐ የክዳኑን ሥዕል መልሶ ሰቀለው። ከሥሩ ግን «እሳት አታስጠጉ» ብሎ ጽፎበታል።

መጀመሪያ የወሰድንበት ሐኪም ቤት፣ ስሜት የሌለውን እጅ ቁስል የሚያውቁት ዘነበወርቅ ናቸው ብለው ወረቀት ሰጡን። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሰው እያየ ነው። እጁን እንዳልይዘው በፋሻ ተጠቅልሏል። ክንዱን ይዤ አስገባሁት።

ከቆዳው ቆንጥረው መረመሩት። ያ በሽታ የለበትም አሉን። አንቺ ያልሽውን ነው የደገሙት። እዚያ ሰርኬ የምትባል ሴት አለች፤ በሽታው ጣቶቿን የወሰደባት፣ አሁን የዳነች። ውሃ ትኩስ ይሁን ቀዝቃዛ በክርንህ ሞክር፣ ማታ ማታ እግርህን ገልብጠህ እየው፣ ቢቆስል አይነግርህም እያለች አስተማረችው። እኔ ሥራ ላይ ስውል ምሳውን የምታጎርሰው እሷ ነበረች። ጣት በሌለው መዳፏ ይዛ። የፈራነው እሷን ነበር። እሱም አፉን ከፍቶ ተቀበላት።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እሱ እንዳይሰማ እጽፈዋለሁ። ያን ጊዜ ጥርሴን ሲል ጥርሱ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። መደቡም ለወገቡ አልነበረም። እኔም ያንኑ ነበር የጠረጠርኩት። አልጠየቅሁትም። ብቻውን በልቶ ሲወጣ የተረፈውን እበላ ነበር፤ ከያዘው እኔንም አብሮ ይያዘኝ ብዬ። እሳቱንም የሰጠሁት እኔ ነኝ። ብርድ መስሎኝ ነው። አሁን ሳስበው እንኳ እንባ አይመጣልኝም።

እጁ ድኗል፤ የቀኙ ሁለት ጣት ግን አይታጠፍም። ሥራ ከተወ አምስተኛ ወሩን ይዟል። ሐምሌ ላይ ባሰበት፣ እግሩን ማንሳት አቃተው። አስተማሪሽ ይብሳል ብላ ባትልሽ ኖሮ ተስፋ እንቆርጥ ነበር። የሠሯቸው ጫማዎች ለሰልፉ ደረሱ። እሱ አላየም፤ ጫጫታው ብቻ እስከ ቤታችን ይሰማ ነበር።

ይህን የምጽፍልሽ ዛሬ ጠዋት ስለሆነው ነው። የድሮ ሳጥኑን ሲጎረጉር ሚስማር ወለል ላይ በተነ። ለቅሜ ጨርሻለሁ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ከዚያ ጩኸት ሰማሁ። እውነተኛ ጩኸት፣ ሠፈሩን የሚያውክ። ሮጬ ብወጣ አንድ እግሩን አንስቶ ግድግዳ ተደግፏል። ሚስማሩ ውስጥ እግሩ ላይ ተሰክቷል። ልነቅልለት ስል ከለከለኝ። «ቆይ፣ ቆይ፣ ትንሽ ተይው!» ይለኛል። እንባው በጢሙ ይወርዳል፣ አፉ ግን ይስቃል። ካገባሁት ጀምሮ ሲያለቅስ ያየሁት ዛሬ ነው።

ሚስማሩን ነቅዬ፣ በአልኮል ጠርጌለታለሁ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱንም ተወግቷል። አትስጊ። ስሙን በራሱ እጅ ይጻፍ ብዬ ብዕሩን ሰጥቼዋለሁ። ፊደሉ ቢንጋደድም አንብቢለት።

*አመመኝ ልጄ። በጣም አመመኝ።*

*አሰፋ*